መሐላ የጠበቁት ተሰደዱ፥ መሐላ ያፈረሰው ተቀመጠ

«በሕግ አምላክ» ሲባል ወራጅ ውኃ ይቆማል ይላሉ አበው። ይህም የሚባለው ውኃው ታላቅ ወንዝ ቢሆን ወይም ትንሽ ምንጭ ቢሆን ሳይለይ ነው። ወንዙን አሳልፎ ምንጩን ብቻ የሚያቆም ሕግ ግን ስሙ ሕግ ቢሆንም ግብሩ የጉልበተኛ አጥር ነው፤ እንዲህ ያለውን ሕግ ተቀብሎ «ሕግ ነውና ይከበር» የሚል ሰውም አጥሩን የሚጠግን እንጂ ሕግን የሚያከብር አይደለም።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን፥ በእንግሊዝ አገር በ1834 ዓ. ም. የተደረገ አንድ ፍርድ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በዚያ ፍርድ ስድስት ድሆች ገበሬዎች መሐላ በመማላቸው ብቻ ሰባት ሰባት ዓመት ተፈርዶባቸው ከአገራቸው ወደ አውስትራልያ ተጋዙ። ዛሬም ይህን ታሪክ አንብበው ፍርዱን የሚያቃልሉ አይታጡም። ከእነርሱም አንዳንዱ «ዳኛው ምን ያድርግ፥ ሕጉ እንዲያ ነበረ» ይላል፤ አንዳንዱ «በጨለማ በስውር መማማል ከክርስቲያን የማይጠበቅ ነውና እጃቸውን በራሳቸው ሰጡ» ይላል፤ አንዳንዱም «ኋላ ምሕረት ተደርጎላቸው በሰላም ተመልሰው የለምን? እንግዲህ ምን ቀረባቸው» ይላል። አስቀድሞ ታሪኩ እንደ ሆነው ይነገር፤ ከዚያ በኋላ ሦስቱ ቃል በየተራው ይመረመራል።

ቶልፐድል በደቡብ እንግሊዝ በዶርሴት አውራጃ ያለች ትንሽ መንደር ናት። የመንደሪቱ ሠራተኛ በዚያ ዘመን የራሱ መሬት አልነበረውም፤ በሌላ ሰው እርሻ ላይ እያረሰ፥ እያጨደ፥ በጎችም እየጠበቀ በሳምንት በሚቀበለው ደመወዝ ያድር ነበር። በሌላው ቀበሌ ያሉ ጓደኞቹ በሳምንት 10 ሽልንግ ሲያገኙ እርሱ የሚቀበለው 9 ሽልንግ ነበረ። ሠራተኞቹም ይህን አይተው ለጌቶቻቸው ነገሩ፤ ጌቶቹም የሌላው ቀበሌ ሰው የሚያገኘውን ያህል ሊከፍሉ ተስማሙ። በዚህ ስምምነት መካከል የቆመው የመንደሩ ደብር ቄስ ዶክተር ዋረን ነው። ቄሱም ሠራተኞቹ ወደ ሥራቸው በጸጥታ ቢመለሱ፥ ጌቶቹም ከቃላቸው ቢወጡ፥ እርሱ ራሱ መብታቸውን ሊያስከብር በእግዚአብሔር ስም ቃል እንደ ገባ፥ ከስድስቱ አንዱ የሆነው ጆርጅ ላቭለስ በ1837 ዓ. ም. ባሳተመው መጽሐፍ መስክሮአል።

ጥቂትም ሳይቆይ ጌቶቹ ቃላቸውን አጠፉ። ደመወዙ ሊጨመር ይቅርና ከ9 ወደ 8 ሽልንግ ወረደ፤ ከ8ም ወደ 7 ወረደ፤ ወደ 6 እንደሚወርድም ተነገራቸው። ሠራተኞቹ ወደ አውራጃው ዳኞች ቢሄዱ፥ ጌታን ይህን ያህል ክፈል ብሎ የሚያስገድድ ሕግ የለም፥ የተሰጣችሁን ተቀብላችሁ ሥሩ ተባሉ። ወደ ቄሱ ቢመለከቱ፥ ቄሱ እንዲህ ያለ ስምምነት ሲደረግ አላየሁም ብሎ ካደ። እንግዲህ ሰማይና ምድር የሰማው ቃል ምስክር አጣ።

ጆርጅ ላቭለስ ሞፈር ጨብጦ የሚያርስ፥ ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት ሰው ነበረ። በሜቶዲስት ማኅበር ሹመት ሳይኖረው ወንጌል ይሰብክ ነበር፤ ከጉሮሮው ቀንሶም መንፈሳውያን መጻሕፍት ገዝቶ ያነብ ነበር። እርሱ፥ ወንድሙ ጄምስ ላቭለስ፥ የእኅቱ ባል ቶማስ ስታንድፊልድ፥ የቶማስ ልጅ ጆን፥ ጄምስ ሃሜትና ጄምስ ብራይን ከመንደራቸው ሰዎች ጋር ሆነው በ1833 ዓ. ም. የእርሻ ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር አቆሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን እነርሱ በቋንቋችን ባይሰሙትም በኑሯቸው አውቀውታል። ማኅበር ማቆምም ወንጀል አልነበረም፤ የሠራተኛን ማኅበር ይከለክል የነበረው ሕግ በ1824 ዓ. ም. ተሽሮ ነበርና።

ነገር ግን ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሰው በቶማስ ስታንድፊልድ ቤት ዓይኑ ታስሮ ተንበርክኮ፥ መጽሐፍ ቅዱስ ስሞ፥ የማኅበሩን ምሥጢር ላያወጣ ይምል ነበር፤ ዓይኑም ሲፈታለት ሞትን የሚያሳስብ የአፅም ሥዕል በፊቱ ቆሞ ያያል። ከማሉት ሁለት ሰዎች ነገሩን ወደ ባለ ሥልጣን አደረሱት። የአውራጃው ዳኛና ባለ ርስት ጄምስ ፍራምፕተንም ለአገር ግዛት ሚኒስትሩ ለሎርድ ሜልበርን ጻፈ። ማኅበሩን የሚከስስ ሕግ ስለ ታጣ፥ መሐላውን የሚከስስ ሕግ ተፈለገ፤ በ1797 ዓ. ም. የወጣ አንድ ሕግም ተገኘ። ይህ ሕግ የወጣው በዚያ ዓመት የንጉሡ የጦር መርከበኞች በአለቆቻቸው ላይ ስለ ተነሡ፥ ወታደር ለዐመፅ እንዳይማማል ነው። ጆርጅ ላቭለስም የተወለደው በዚያው ዓመት ነበረ፤ ለመርከበኛ የተበጀው ገመድ 37 ዓመት ተቀምጦ ለገበሬ አንገት ወጣ።

በ1834 ዓ. ም. በየካቲት ወር፥ እንዲህ ያለውን መሐላ የሚምል ሰው ሰባት ዓመት ይጋዛል የሚል ማስታወቂያ በየመንገዱ ተለጠፈ። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ከጥቂት ቀን በኋላ ስድስቱ ሰዎች ተያዙ። የተከሰሱበት መሐላ ግን የተደረገው ባለፈው ታኅሣሥ ነበረ። ማስጠንቀቂያ ከጥፋት በፊት ይመጣል፤ ይህኛው ግን ጥፋቱ ከተባለው ነገር በኋላ መጥቶ፥ ሊያስጠነቅቅ ሳይሆን ሊያጠምድ ቆመ።

ፍርዱም በዶርቸስተር ከተማ በመጋቢት ወር ተሰማ። ጉባኤው በዐቢይ ጾም ወራት የሚውል ስለ ሆነ የጾም ችሎት ይባል ነበር። ክሱን መርምረው ይቅረብ ከሚሉት ባላባቶች መካከል ከሳሹ ፍራምፕተን ራሱ ተቀምጦ ነበር፤ የእነርሱም አለቃ የሚኒስትሩ የሎርድ ሜልበርን የሚስቱ ወንድም ነበረ። ላቭለስ ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ የሰጠው ቃል አጭር ነው፤ ይኸውም የማንንም ስም፥ አካልና ገንዘብ እንዳልጎዱ፥ የተባበሩትም ራሳቸውን፥ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ከረኃብና ከውርደት ለማዳን ብቻ እንደ ሆነ የሚገልጽ ነበረ። ዳኛው ጆን ዊሊያምስ ግን በስድስቱም ላይ ሕጉ የሚፈቅደውን የመጨረሻውን ቅጣት፥ ሰባት ዓመት ግዞት ፈረደ። ላቭለስ እንደ ጻፈው፥ ዳኛው የፈረደባቸው ስለ ሠሩት ነገር ሳይሆን ለሌሎች መቀጣጫ እንዲሆኑ መሆኑን በአፉ ነግሮአቸዋል።

የናቡቴን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ኤልዛቤልም የድሀውን የወይን ቦታ ለመውሰድ በፈለገች ጊዜ ጾም አሳወጀች፥ ሽማግሎችን ሰበሰበች፥ ምስክሮችን አቆመች፤ ሥርዐቱ ሁሉ ተሟልቶ ነበር፥ የጎደለው ጽድቅ ብቻ ነው። በዶርቸስተር ምስክሮቹ ያዩትን ተናገሩ፤ ሐሰቱ በምስክሮቹ አፍ ሳይሆን በክሱ አርእስት ላይ ነበረ። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህን ክስ ለመፍታት አይቸገርም፤ ሰሙ መሐላ ነው፥ ወርቁ ግን ደመወዝ ነው።

ከዚህ በኋላ የደረሰባቸውን ላቭለስና ጓደኞቹ ራሳቸው ጽፈውታል። እንግሊዝ ከ1788 እስከ 1868 ዓ. ም. ድረስ ከ160 ሺህ የሚበልጡ እስረኞች ወደ አውስትራልያ አግዛለች፤ ከሌባና ከነፍሰ ገዳይ ጋር እነዚህም ስድስቱ ተቈጠሩ። አምስቱ ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ ተላኩ። ጆርጅ ላቭለስ በወህኒ ታሞ ስለ ነበር በኋላ ለብቻው፥ ዛሬ ታዝማኒያ ወደምትባለው ደሴት በመርከብ ተጫነ፤ ከሦስት ወር የበለጠ የባሕር ጉዞም ተጕዞ በመስከረም ወር ሆባርት ደረሰ።

በዚያም አስቀድሞ በሰንሰለት ከታሰሩት ጋር መንገድ ሠራ፤ ቀጥሎም በመንግሥት እርሻ ላይ የከብትና የበግ ጠባቂ ሆነ። ያደረበት ጎጆ ጣራው የተቀደደ ስለ ነበር፥ ሰማዩ ጥሩ ሲሆን ተኝቶ ኮከብ ያይ ነበር፥ ሲከፋም ዝናሙ በላዩ ይወርድበት ነበር። ስምንት ሰዎች አምስት መኝታ ስለ ነበራቸው አዲስ የመጣው በመሬት ላይ ይተኛል። በኒው ሳውዝ ዌልስ ያሉትም ደመወዝ ሳይከፈላቸው ለባለ እርሻዎች ታደሉ። ሃሜት በ1 ፓውንድ እንደ ባሪያ እንደ ተሸጠ ኋላ ተናግሮአል። ወጣቱ ጆን ስታንድፊልድ ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቱን ሊጠይቅ ቢሄድ፥ ሽማግሌው በበግ ጥበቃ ሜዳ ላይ ሰውነቱ በቁስል ተሸፍኖ አገኘው። ብራይንም በመንገድ ወንበዴ ገፍፎት ባዶ እግሩን ወደ ጌታው ደረሰ፤ ልብስና መኝታ ቢለምን፥ እስረኛ ነህና የራስህ ጠጕር እንኳ የአንተ አይደለም ተባለ። ይህን የመለሰለት ጌታ በዚያ አገር ዳኛ ሆኖ የተሾመ ሰው ነበረ።

ስለ ጄምስ ሃሜት ደግሞ ሌላ ነገር ተነግሮአል። በዚያች በተመሰከረባቸው ሌሊት በቤቱ የነበረው ወንድሙ ጆን እንጂ እርሱ እንዳልነበረ ይነገራል። እርሱ ግን ወንድሙን አላጋለጠም፤ የሌላውን ቅጣት በዝምታ ተሸክሞ ተጋዘ። ይህን ያደረገውን ሰው እንግሊዝ ወንጀለኛ አለችው።

አሁን ወደ ሦስቱ ቃል እንመለስ።

የመጀመሪያው «ሕጉ እንዲያ ነበረ» የሚለው ነው። በውኑ ሕጉ በሁሉ ላይ እንዲያ ነበረን? በዚያው ዘመን በእንግሊዝና በአየርላንድ የኦሬንጅ ማኅበር የሚባል ነበረ፤ መኳንንትና የጦር መኮንኖች ነበሩበት፤ ምሥጢርና ምልክት ነበረው። የማኅበሩም ታላቅ አለቃ የንጉሡ የዊሊያም አራተኛ ወንድም የከምበርላንድ መስፍን ነበረ። ፓርላማው በ1835 ዓ. ም. ይህን ማኅበር መረመረ፤ በ1836 ዓ. ም. ማኅበሩ ፈረሰ። ከመኳንንቱ ግን አንድ ስንኳ ወደ አውስትራልያ የተጋዘ የለም። ኋላ የአገር ግዛት ሚኒስትር የሆነው ሎርድ ጆን ራስል ራሱ፥ ገበሬዎቹ በደለኞች ከሆኑ መስፍኑም በደለኛ መሆኑን ሳይጽፍ አላለፈም። እንግዲህ ያ ሕግ ዓይን ነበረው፤ የመጣውን ሰው ልብስ አይቶ ይነሣል ወይም ይተኛል። ዳኛ ሕጉን አላወጣሁትም ቢል እውነት ነው፤ ነገር ግን ለምን የተኛውን ሕግ ለዚህ ሰው ብቻ ቀሰቀስህ ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል?

ሁለተኛው «መሐላቸው የማይገባ ነበረ» የሚለው ነው። ይህ ቃል በግማሹ እውነት ነው፤ እውነት የሆነውን ያህልም ሊታመን ይገባል። ጌታ በወንጌል አትማሉ ብሎአል፤ ዓይን አስሮ የአፅም ሥዕል እያሳዩ ማስማልም ለወንጌል ሰባኪ የሚያምር ሥራ አይደለም። ሄሮድስ ስለ መሐላው የነቢይ ራስ አስቆርጦአልና መሐላ ሁሉ ጥሩ አይባልም። ዳሩ ግን የመሐላ ክፋት የሚለካው በሁለት ነገር ነው፤ ለምን ተማለ? ተምሎስ ምን ሆነ? የሄሮድስ መሐላ የንጹሕ ደም አፈሰሰ፤ የቶልፐድል ሰዎች መሐላ የማንንም ደም አላፈሰሰም፥ የማንንም ክምር አላቃጠለም። ጥፋት ቢባል እንኳ በንስሓ አባት ተግሣጽ የሚቀና ጥፋት ነው እንጂ፥ አባትን ከልጁ ለይቶ በባሕር ማዶ የሚያስር አይደለም።

ይልቁንም ስለ መሐላ ክብር የሚቈረቈር ሰው በመጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ሌላ መሐላ ነበረ። እርሱም ቄሱ በእግዚአብሔር ስም የገባው ቃል ነው። ያ ቃል በጨለማ የተነገረ አይደለም፤ በቀን፥ በጌቶችና በሠራተኞች ፊት፥ ክህነት ባለው ሰው አፍ የተነገረ ነው። ገበሬዎቹ ምለው ጠበቁ፤ ቄሱ ቃል ሰጥቶ ካደ። የጠበቁት በሰንሰለት ታሰሩ፤ የካደው በደብሩ ቤት ተቀመጠ። መሐላ የሚቀጣ ችሎት ከሆነ ይህ ለምን በፊቱ አልቀረበም? ያልቀረበው በዚያ ችሎት መሐላ ዋናው ነገር ስላልነበረ ነው።

ይህ ነገር በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ብቻ የተደረገ አንድ የሩቅ ቄስ ጥፋት ነው ብሎ የሚያልፍ ካህን ቢኖር ቆም ብሎ ያስብ። ድሀ ከጌታው ጋር ሲዋዋል ካህኑን በመካከል የሚያቆመው ካህኑ ሀብት ስላለው አይደለም፥ ሰይፍም ስለ ያዘ አይደለም፤ የእግዚአብሔርን ስም ይፈራል ብሎ ስለሚያምን ነው። ካህኑ ያን እምነት ለጌታው ወዳጅነት የለወጠ እንደ ሆነ፥ የካደው ድሀውን ብቻ አይደለም፤ ድሀው የታመነበትንም ስም ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ደመወዙን የተከለከለ አጫጅ ጩኸት ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚደርስ ጽፎአል፤ በሕገ ኦሪትም የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ታዝዞአል። ይህን በመቅደስ የሚያነብ ሰው በአደባባይ አላየሁም ካለ፥ ንባቡ በራሱ ላይ ምስክር ይሆንበታል።

ሦስተኛው «ኋላ ምሕረት ተደርጎላቸዋል» የሚለው ነው። አዎን፥ ተደርጎላቸዋል። ነገር ግን እንዴት ተደረገ? ፍርዱ እንደ ተሰማ በሎንዶን በሚያዝያ ወር 1834 ዓ. ም. በአስር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ በሰልፍ ወጣ፤ ከ200 ሺህ በላይ ፊርማ ያለበት ነው የተባለ አቤቱታም ተያዘ። ሎርድ ሜልበርን በዚያ ቀን አቤቱታውን አልቀበልም አለ። በፓርላማ ቶማስ ዌክሊና ጓደኞቹ ነገሩን ሳይተዉ ተከራከሩ። በቤት የቀሩት ሚስቶችና ልጆች ከደብሩ የድሆች ርዳታ ተከልክለው በየከተማው ሠራተኛ መዋጮ ኖሩ። በ1835 ዓ. ም. ቅድመ ሁኔታ ያለበት፥ በመጋቢት 1836 ዓ. ም. ደግሞ ሙሉ ምሕረት ወጣ። ላቭለስ ግን ይህን ያወቀው ከሹም አፍ አይደለም፤ ከወራት በኋላ በእጁ በገባ ጋዜጣ ላይ አንብቦ ነው። ያን ጊዜም ወዲያው ሊሳፈር አልቻለም፤ አስቀድሞ ሚስቱን ነዪ ብሎ ጽፎላት ስለ ነበር፥ በባሕር ላይ እንዳይተላለፉ ፈርቶ መልሷን ጠበቀ። በሰኔ 1837 ዓ. ም. ሎንዶን ገባ። አራቱ በ1838 ዓ. ም. ተመለሱ፤ ሃሜት የመጣው በ1839 ዓ. ም. ነው።

ደግሞም ምሕረት የሚባለው ለበደለኛ ነው። ያልበደለውን ሰው ምሬሃለሁ ማለት፥ ሰንሰለቱን ከእጁ ፈትቶ ከስሙ ላይ ማሰር ነው። በመጨረሻ በሰላም ኖሩ የሚልም ቢኖር፥ ዮሴፍ በግብፅ ስለ ከበረ ወንድሞቹ የጣሉት ጕድጓድ አልጸደቀም። እግዚአብሔር ክፉውን ለበጎ መለወጡ የእርሱ ቸርነት ነው እንጂ ክፉ ያደረገው ሰው ምስጋና አይደለም። በሰላም ኖሩ የተባሉትስ እንዴት ኖሩ? አምስቱ በአገራቸው መሬት ላይ መቀመጥ ስላልሆነላቸው ወደ ካናዳ ተሻገሩ፤ ጆርጅ ላቭለስም በ1874 ዓ. ም. በዚያ ሞተ። ወደ ቶልፐድል የተመለሰው ሃሜት ብቻ ነው፤ እርሱም በ1891 ዓ. ም. በዶርቸስተር የድሆች መጠለያ ቤት ሞተ።

ዛሬ በቶልፐድል መታሰቢያ ቤቶች ተሠርተዋል፤ በየዓመቱ በሐምሌ ወር ሕዝብ በሰልፍ ይመጣል፤ በሃሜትም መቃብር ላይ አበባ ይቀመጣል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ጌታ የነቢያትን መቃብር የሚያስጌጡትን የወቀሰበት ነገር አለ፤ የሞተውን ጻድቅ ማክበር በሕያው ጻድቅ ላይ ከመፍረድ አያድንምና። የስድስቱን ሰዎች ታሪክ በእውነት የተማረ ሰው አበባ ከማስቀመጥ በፊት በየችሎቱና በየደብሩ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ድሀ ከድሀ ጋር ሲተባበር ማን ይከሰሳል? ባለጸጋ ለድሀ የሰጠውን ቃል ሲያፈርስስ ማን ይከሰሳል? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ተገኝቶ ለሁለተኛው ከታጣ፥ የዶርቸስተር ችሎት ገና አልተነሣም።